የ10 ሳምንት ቡችላ ክትባቱን ሳይጨርስ ከሌሎች ቡችሎች ጋር ማጫወት ይቻላል?

የገርጂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ10 ሳምንት ወንድ ጀርመን ሸፐርድ አለን። የፓርቮና የዲስተምፐሩን (ቡችላ የሚገድሉ የቫይረስ በሽታዎች ናቸው) የመጀመሪያ ክትባት በ8 ሳምንቱ ወስዷል፤ የሆድ ትል መድኃኒትም ተሰጥቶታል። ሁለተኛው ክትባት በ12 ሳምንቱ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ቡችላ ያላቸው ሰዎች ስላሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ግቢ እየሰበሰብን እናጫውታቸው ተባብለናል። ሁለቱ የሀበሻ ውሻ ናቸው፣ ገና 9 ሳምንታቸው። አንዷ ትንሽዬ ነጭ ጸጉራም ናት፣ 12 ሳምንቷ፤ በጣም ፈሪ ነች። አንዱ ደግሞ የ6 ወር ሮትዌይለር ነው። ግቢው 60 ካሬ ገደማ ይሆናል፤ ግማሹ ሴራሚክ ግማሹ ሲሚንቶ።

ክትባቱ እስኪያልቅ ልጠብቅ ወይስ ልጀምር? በአንዴ ለምን ያህል ጊዜ ይጫወቱ? እየተጫወቱ ነው ወይስ እየተናከሱ የሚለውን በምን እለያለሁ? ደግሞ አባቴ «ከሁሉ ጋር የተላመደ ውሻ ሌባ አይከለክልም» ይላሉ። ውሻውን ያመጣነው ለግቢ ስለሆነ ነገሩ አሳስቦኛል።

ሐኪሙ ከቢሾፍቱ፦
እህቴ፣ መጀመር ትችያለሽ። ግን ከማንኛውም ቡችላ ጋር አይደለም፣ የትም ቦታም አይደለም።

ቡችላ አዲስ ነገርን ብዙ ሳይፈራ የሚቀበልበት ዕድሜ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 12ኛው፣ ቢበዛ እስከ 14ኛው ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላም ይማራል፤ ግን የማያውቀውን ነገር የሚቀበለው በጥርጣሬ ነው፣ ለማላመድም ብዙ እጥፍ ልፋት ይጠይቃል። አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ባር ሃርበር ውስጥ ተሠርቶ በ1961 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፤ እስከ 14 ሳምንታቸው ከሰው ተለይተው በታጠረ ሜዳ ያደጉት ቡችሎች ከዚያ ወዲያ ሰው ሲጠጋቸው ይሸሹ ነበር።

አሁን የክትባቱን ቀን ቁጠሪ። 8፣ 12፣ 16 ሳምንት። የመጨረሻው እስኪሠራ ከጠበቅሽ 17 ሳምንት ይሞላዋል፤ ያ ዕድሜ አልፏል ማለት ነው። ክትባቱ የሚደጋገመው ደግሞ ከእናቱ ያገኘው የመከላከያ አቅም ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ነው። ያ አቅም በየትኛው ሳምንት እንደሚያልቅ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተከተበ ቡችላ ምናልባት ተጠብቋል፣ ምናልባት አልተጠበቀም። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበር በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው አቋም ከ7 እስከ 8 ሳምንት ጀምሮ የቡድን ትምህርት ይቻላል ይላል፤ ቢያንስ አንድ ክትባትና የትል መድኃኒት ከወሰደና ከክትባቱ 7 ቀን ካለፈ።

ይህ የተጻፈው ግን ወለሉ ለሚታጠብ አዳራሽና በየመንገዱ ባለቤት የሌለው ውሻ ለማይበዛበት አገር ነው። እዚህ እኛ ጋ የሚከተሉትን ጨምሪበት።

የእያንዳንዱን ቡችላ የክትባት ደብተር ዓይተሽ ነው የምታስገቢው። በደብተሩ ላይ ከጠርሙሱ የተላጠው ወረቀት ከነባች ቁጥሩ መለጠፍ አለበት፤ «ተከትቧል» የሚል የቃል ምስክርነት አይቆጠርም። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልተቀመጠ ዋጋ የለውም። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ፍሪጁን እንዴት እንደሚይዙት የሚከትብልሽን ሰው መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከየትም የመጣ አዲስ ቡችላ መጀመሪያ 14 ቀን ቤቱ ይቆይ። ፓርቮ ከተያዘ በኋላ ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ነው፤ አንዳንዴ እስከ 14 ይሄዳል። ቡችላው ማስመለስና ማስቀመጥ ከመጀመሩ በፊት ቫይረሱ በዓይነ ምድሩ መውጣት ይጀምራል፣ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ምግብ እምቢ ያለ፣ የደከመ፣ ሆዱ የተበላሸ ቡችላ «ትንሽ ብቻ ነው» ተብሎ አይመጣም።

ፓርቮ የታመመ ውሻ የነበረበት ግቢ በተለይ አፈር ከሆነ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ይቅር። የእናንተ ሲሚንቶና ሴራሚክ ግን ይጸዳል። መጀመሪያ በሳሙና አጥበሽ ቆሻሻውን አስወግጂ፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና አይሠራም። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ፣ ማለትም በ10 ሊትር ባልዲ ሲሦ ሊትር ገደማ። ይህ 5 በመቶ ለሆነ በረኪና ነው፣ ጠርሙሱ ላይ ዕዪው። 10 ደቂቃ ረጥቦ ይቆይ፣ ከዚያ በደንብ ይታጠብ፣ ይድረቅ። ቡችሎቹ ታቅፈው ይምጡ እንጂ በእግራቸው አይምጡ፤ ሰዎቹም በር ላይ ጫማ ይቀይሩ። ቫይረሱ በጫማ ሶል ነው የሚገባው።

የእብድ ውሻ ክትባት በ12 ሳምንት ነው። ያልተከተበ ቡችላ ልጅን ነክሶ ወይም ቧጭሮ ቆዳ ከደማ «ቡችላ ነው፣ ምን ያደርጋል» አይባልም። ቁስሉ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም።

አሮጌው ጥበቃ፦
ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በፓርቮ ለሚሞት ቡችላ መላመድ ምን ያደርግለታል? አዲስ አበባ ነው እኮ። እኔ የምለው ሁለተኛውን ክትባት ይውሰዱ፣ ሳምንት ይቆዩ፣ ከዚያ ይገናኙ። እስከዚያ ታቅፎ በር ላይ ይቁም፣ መኪናውንም ሰዉንም ይይ። ሌላው ደግሞ ልጅቷ ያነሳችው የአባቷ ነገር ሐሰት አይደለም፤ ሁሉን የሚላስ ውሻ ግቢ አይጠብቅም።

ሐኪሙ ከቢሾፍቱ፦
ስጋትዎ ትክክል ነው፤ የምንለያየው በጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። አደጋው የሚለካው በቡድኑ ውስጥ ባለው በደካማው ቡችላ ነው። ሁለቱ የ9 ሳምንት ቡችሎች የተከተቡት በ8 ሳምንታቸው ከሆነ ሰባተኛው ቀን ገና ዛሬ ነገ ነው። ከመንገድ ከተነሱ ወይም እናታቸው መከተቧ ካልታወቀ እርስዎ እንዳሉት ሁለተኛውን ክትባት ይጠብቁ። ደብተር ካላቸው፣ 14 ቀኑን ቤት ከቆዩና ከክትባቱ 7 ቀን ካለፈ፣ በታጠበ ግቢ መጀመሩን እኔ እመርጣለሁ። ሁለተኛውን ክትባት ወደ 11 ሳምንት ማምጣትም ይቻላል፤ በሁለቱ መካከል ከ2 እስከ 4 ሳምንት ነው የሚፈቀደው። የመጨረሻው ግን ከ16 ሳምንት በፊት እንዳይሆን። ታቅፎ በር ላይ መቆሙ ዛሬውኑ ይጀመር፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም።

ፉጨት (የውሻ አሰልጣኝ)፦
ስለ ጤናው ዶክተር ጨርሰውታል፤ ስለ ጨዋታው እኔ ልቀጥል።

በመጀመሪያ ሮትዌይለሩን አስቀሪው። በ6 ወሩ የወተት ጥርሱ ረግፎ ቋሚው ወጥቷል፤ ክብደቱም የአንዱን ቡችላ አራትና አምስት እጥፍ ይሆናል። ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሲጫወት በደረቱ ቢገፋቸው እንኳ ይሰብራቸዋል። እሱ እኩያ ይፈልግ። ከ8 እስከ 16 ሳምንት ያሉት አንድ ላይ፣ ቁጥራቸው ከአራት እስከ ስድስት፣ ለእያንዳንዱ ቡችላ አንድ አዋቂ ሰው። ለአራት ቡችላ 60 ካሬ ይበቃል።

ግቢውን ስታዘጋጂ የምግብ ሳህን፣ አጥንት፣ ኳስ፣ ሁሉም ይነሳ። ቡችሎች የሚጣሉት አብዛኛውን ጊዜ በዕቃ ነው። ሴራሚኩ ላይ አሮጌ ምንጣፍ አንጥፊ፤ በሚያንሸራትት ወለል የሚሮጥ ቡችላ መገጣጠሚያውን ይጎዳል፣ የወደቀ ቡችላ ደግሞ ይፈራል። ሁለት ትልልቅ ካርቶን በጎን አስተኝተሽ ጥግ ላይ አድርጊ፣ መሸሸጊያ ይሆናሉ። ግቢውን ለሁለት የሚከፍል 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ኮምፐርሳቶ ያስፈልግሻል። ቆርቆሮ እንዳይሆን፣ ጠርዙ ይቆርጣል። ሰፋ ያለ የውሃ ዕቃ በአንድ በኩል።

የአንገት ማሰሪያ ይውለቅ። ይህን ሰው ይንቀዋል። አንዱ ሲናከስ የታችኛው መንጋጋው በሌላው ማሰሪያ ውስጥ ይገባና ሁለቱም ይደነግጣሉ፤ አንዱ ሲጠማዘዝ ሌላው ይታነቃል። ከበሉ አንድ ሰዓት ያልሞላቸውን አታጫውቱ። ከመግባታቸው በፊት ሽንታቸውን ይሽኑ።

አንድ ላይ አትልቀቋቸው። ሁለቱን ረጋ ያሉትን አስገቡ፣ ሁለት ደቂቃ ይተዋወቁ፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ ከዚያ አራተኛው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠቅላላው 15 ደቂቃ ይሁን። እያደር 30፣ ቢበዛ 40 ደቂቃ፣ ዕረፍቱ ተቆጥሮ። በዚህ ዕድሜ በቀን 18 ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው የሚተኙት፤ ደክሞት የሚጫወት ቡችላ ነካሽ ይሆናል።

አሁን ዋናው ነገር። ቡድን የሚበላሸው ባለቤቶቹ ቡና ይዘው ወሬ ሲጀምሩ ነው። ቡችሎች ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ በደንብ ይጫወታሉ፤ ከዚያ ደማቸው ይሞቃል፣ ሩጫው ማባረር ይሆናል፣ መላፋቱ መጫን ይሆናል። ስለዚህ በየአንድ ተኩል ደቂቃው ጨዋታውን ትቆርጣላችሁ። እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ሰው ወደ ራሱ ቡችላ ሄዶ ሽምብራ የምታክል የተቀቀለ ጉበት አፍንጫው ላይ ይይዝና ከሌሎቹ ያርቀዋል። ባላችሁበት ቆማችሁ አትጥሩት፤ በጨዋታ መሃል ስሙን አሥር ጊዜ መጥራት ስሙ ትርጉም እንደሌለው ማስተማር ነው። ሦስት ቁራሽ አንድ በአንድ ይስጠው፣ ጆሮውን ይንካ፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ይይ፣ መዳፉን ይያዝ። ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ። ከዚያ «ሂድ» ብሎ ይልቀቀው። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ሲጠራ የሚመጣ ውሻ ይኖርሻል፣ ምክንያቱም መጠራት ጨዋታ ማለቂያ እንዳልሆነ ያውቃል። ጉበቱን አፍንጫው ላይ ይዘሽለት ካላሸተተው ወይ በጣም ጦዟል ወይ ፈርቷል። በደረቱ ሥር እጅሽን አስገብተሽ አንሺውና ከኮምፐርሳቶው ማዶ ያርግብ።

ጨዋታና ጠብ በድምፅ አይለይም። የሚያጉረመርሙና የሚጮኹ ቡችሎች ብዙውን ጊዜ እየተጫወቱ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ዝም ብሎ ዝቅ ብሎ የሚያባርረው ነው። ጨዋታ ሲሆን ሰውነታቸው ልል ነው፣ አፋቸው ክፍት ነው፣ ደረታቸውን መሬት አስነክተው ቂጣቸውን ያነሳሉ፣ የተባረረው ዞሮ ያባርራል፣ ከላይ የነበረው ከታች ይሆናል፣ በየመሃሉ ቆም ብለው ይራገፋሉ። ችግር ሲሆን አንዱ ሁልጊዜ ከታች ነው፣ ጅራቱ በእግሩ መሃል ገብቷል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ሰው እግር ሥር ይወሸቃል።

ከተጠራጠርሽ ይህን አድርጊ፦ ከላይ ያለውን ለሦስት ሰከንድ ያዥው። ከታች የነበረው ተነስቶ ወደ እሱ ከተመለሰ ጨዋታ ነበር፤ ልቀቂው። ሾልኮ ከሄደ ግን አልፈለገውም፤ ያዝሽውን ቡችላ ከሌላ ቡችላ ጋር አጫውቺው።

ሲነከስ የሚጮኸው ቡችላ አስተማሪ ነው። የነከሰው ደንግጦ ከቆመ የጥርሱን ልክ እየተማረ ነው፣ ጣልቃ አትግቡ። የወተት ጥርስ ሹል ቢሆንም መንጋጋው ደካማ ስለሆነ ይህ ትምህርት የሚሰጠው አሁን ነው፤ ጥርስ መቀየር ከጀመረ በኋላ ዋጋው ይወደዳል። ሳይቆም ከቀጠለ ለ30 ሰከንድ ከጨዋታ ውጪ። አትምቱት፣ አትጩኹበት። ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር የሚመታ ቡችላ የሚማረው ሌላ ውሻ ሲመጣ ዱላ እንደሚመጣ ነው።

የገርጂዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ዶክተርንም። ነጯ ግን ባለፈው ለሙከራ ስትገባ ከበርሜሉ ጀርባ አልወጣ አለች። ባለቤቷ «ተዉዋት፣ ትለምዳለች» ብላ መሃል አስቀመጠቻት። ልክ ነው?

ፉጨት (የውሻ አሰልጣኝ)፦
አይደለም። መሃል የተቀመጠ ፈሪ ቡችላ ሁለት ነገር ነው የሚማረው፦ መሸሽ አያዋጣም፣ ስለዚህ መጀመሪያ መናከስ ያዋጣል። ስድስት ወር ሲሞላት ማሰሪያ ላይ ሆና በሌላ ውሻ ላይ የምትጮኸው ይህችው ትሆናለች።

ከኮምፐርሳቶው ማዶ ከባለቤቷ ጋር ትቀመጥ፣ ከካርቶኑ ጋር። ሌሎቹን እያየች ጉበት ትብላ። ራሷ ወደ ማካፈያው ከቀረበች ከሀበሻዎቹ ቡችሎች ረጋ ያለውን አንዱን ብቻ ወደ እሷ አስገቡ፤ የእናንተ ጀርመን ይቆይ፣ ይከብዳታል። አንድ ለአንድ፣ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ይውጣ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከካርቶኑ ካልወጣች የዚያ ቀን ድርሻዋ ማየት ብቻ ነው፣ ጎትቶ ማውጣት የለም። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ሳምንት ካልቀረበች፣ ጉበቱንም ካልበላች ቡድን ለእሷ አይሆንም። አንድ የተከተበች፣ ቡችላ የምትታገሥ ትልቅ ውሻ ትፈለግላት።

የአባትሽን ጉዳይ በተመለከተ፣ አሮጌው ጥበቃም ያሉትን፦ የውሻ የግቢ ጠባቂነት የሚጎላው ከዓመት በኋላ ሲበስል ነው፤ የ10 ሳምንት ቡችላ አሁን የሚያሳየው ጩኸት ፍርሃት እንጂ ጥበቃ አይደለም። ከቡችላነቱ ታስሮ ያደገ ውሻ በቆጣሪ አንባቢውም፣ በጎረቤት ልጅም፣ በሌባም እኩል ይጮኻል፤ ቤተሰቡም ከጊዜ በኋላ ጩኸቱን መስማት ያቆማል። የተለመደውን የሚያውቅ ውሻ ሲጮህ ያልተለመደ ነገር አለ ማለት ነው። ፍርሃት ያለበት ጀርመን ሸፐርድ ደግሞ መጀመሪያ የሚነክሰው የቤት እንግዳን ነው።

አሮጌው ጥበቃ ልክ የሆኑበት ነገር ግን አለ። ማላመድ ማለት የመጣው ሰው ሁሉ ያቅፈው፣ ይመግበው ማለት አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ቡችላው ይይ፣ ጉበቱን ከአንቺ እጅ ይብላ፣ እንግዳው ይለፍ። እንግዳን አለመፍራትና እንግዳን መለመን የተለያዩ ናቸው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፦
እዚህ ሜሪላንድ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። የቡችላ ክፍል የሚባለውና የውሻ መናፈሻው አንድ አይደሉም። መናፈሻው ማን እንደተከተበ የማይታወቅበት፣ ትልልቅ ውሻ የሚፈታበት ቦታ ነው፤ ክትባቱን ለጨረሰም እንኳ ለቡችላ አይሆንም። ክፍል ስትመርጡ ገብታችሁ ዕዩ፦ ደብተር ይጠይቃሉ? በመጠንና በባሕርይ ይለያሉ? ጨዋታውን ይቆርጣሉ? 12 ቡችላ በአንድ ጊዜ ፈትቶ አንድ አሰልጣኝ ጥግ ላይ የቆመበትን ተዉት። ብዙዎቹ የቦርዴቴላ (ተላላፊ የውሻ ሳል) ክትባትም ይጠይቃሉ።

አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ፣ ድምፅም አላምዷቸው። ነሐሴ ላይ የቡሄ ጅራፍ ሲጮህ አልጋ ሥር የሚገባው ውሻ በቡችላነቱ ያልሰማው ነው።

ፉጨት (የውሻ አሰልጣኝ)፦
እውነት ነው፣ ግን ድምፁን ጨዋታው መሃል አታምጡት፤ ሌላው ቡችላ ያስፈራው ሊመስለው ይችላል። በዕረፍቱ ጊዜ፣ ጉበት እየበላ፣ ከሩቅ ጀምሩ፦ አንድ ሰው ከበር ውጪ ሆኖ ባዶ ሃይላንድ ይጨፍልቅ፣ ሌላ ጊዜ የብረት ክዳን ይጣል። ቆራሌው ሲያልፍ በነፃ የመጣ ትምህርት ነውና ጉበቱን አውጡ። ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ መብላት ካቆመ ድምፁ ቀርቧል፤ ራቁ።

የገርጂዋ፦
ገብቶኛል። ለሮትዌይለሩ ባለቤት ማስረዳቱ ብቻ ነው የሚከብደኝ። ሁለተኛው ክትባት ዓርብ ቢሆን ቅዳሜ ማጫወት ይቻላል?

ሐኪሙ ከቢሾፍቱ፦
አይቻልም። በተከተበበት ቀንና በማግሥቱ ድካምና ትንሽ ትኩሳት ሊኖር ይችላል፣ መርፌው የገባበትም ያመዋል፤ ሲነካ የሚያመው ቡችላ ደግሞ ይናከሳል። ያን ሳምንት ዝለሉት፣ ወይም ክትባቱን ሰኞ አድርጉት። ፊቱ ካበጠ ወይም ደጋግሞ ካስመለሰው ግን ሳታድሩ ወደ ከተበው ሐኪም። ለሮትዌይለሩ ባለቤት ደግሞ «እኩያ እንፈልግለታለን» በዪው፤ በ6 ወሩ ከቡድን ይልቅ ማሰሪያ ላይ ሆኖ ከረጋ ትልቅ ውሻ ጋር ጎን ለጎን መሄድ ይጠቅመዋል፣ የእብድ ውሻ ክትባቱን መውሰዱን ግን አስቀድመሽ ጠይቂ።